ደሴ ተወልዳችሁ የደሴን ማታ ለማታውቁ

ያጎቴ ልጅ ከአዲስ አበባ የመጣ ቀን ሻንጣውን ሳያስቀምጥ "እሺ፣ ማታ ምን አለ?" አለኝ። ደሴ ተወልጄ ደሴ ያደግሁ ሰው ነኝ። የተማርኩትም ወይዘሮ ስሂን ነው። የምመልስለት ግን አልነበረኝም። ይዤው ወጣሁና አንድ ሆቴል ገባን። ጥብስ በላን፣ በቴሌቪዥን የእንግሊዝ ኳስ አየን፣ ተመለስን። በማግስቱ ጠዋት ፊቱን እየታጠበ "ይሄማ ሰፈሬም አለ" አለኝ።

ነገሩ ከነከነኝ። ከዚያ ወዲህ ዓመት ሙሉ በገዛ ከተማዬ እንግዳ ሆኜ ዞርኩ። ብር አባከንኩ፣ አንዳንዴም አፈርኩ። ያገኘሁትን ይኸው። ኮምቦልቻም ወልዲያም ላላችሁ አብዛኛው ይሠራል።

1. ቀን መቁጠሪያ ሳታዩ አትውጡ

እዚህ አገር "የት እንሂድ?" ከማለት በፊት "ዛሬ ምንድነው?" ማለት ይቀድማል። ሁዳዴ ላይ፣ ያንን 55 ቀን፣ አዝማሪ ፍለጋ አትድከሙ። ማሲንቆው ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ረመዳን ላይ ደግሞ ተቃራኒው ነው። ከተማው ቀን ያንቀላፋና ከአፍጥር በኋላ ይነቃል። ያን ሰሞን ሸዋ በር በኩል ውጡ፤ ሳምቡሳውን ከዘይቱ ሲወጣ ትኩሱን ግዙ። የምትጾሙ ባትሆኑም ጎረቤት አፍጥር ከጠራችሁ "በልቻለሁ" ብላችሁ አታስቀይሙ። መውሊድ ሲደርስ መንዙማው ነው። በወሎ መውሊድ ሙስሊሙ ብቻ አይደለም የሚታየው፤ ክርስቲያኑም ጎረቤት ሆኖ ሽር ጉድ ይላል።

መስከረም ግሸን ማርያም አለች። በዓሏ መስከረም 21 ነው። ከዚያ በፊትና በኋላ ባሉት ቀናት ደሴ በመንገደኛ ትሞላለች። አልጋ አይገኝም፣ ምሳ ቤት ወረፋ ነው። ብዙ የከተማው ሰው ይማረራል። እኔ ከዓመቱ ሁሉ የምወደው ጊዜ ይሄ ነው። አንድ ሻይ ቤት ቁጭ በሉና ጆሯችሁን ክፈቱ። የጎጃሙም የሸዋውም የጎንደሩም አነጋገር በአንድ ጠረጴዛ ይመጣላችኋል።

2. ማስታወቂያ ትታችሁ ሰው ያዙ

ቴሌግራም ላይ "የደሴ ምሽት" ብዬ ስፈልግ ያገኘሁት የሚሸጥ ሶፋና የሚከራይ ቤት ነው። እዚህ ደህና ደህናው ነገር ታፔላ የለውም። ጠላ ቤት የሚታወቀው በር ላይ በተተከለ እንጨትና አናቱ ላይ በተደፋ ጣሳ ነው። መንዙማ ያለበት ቤት ድቤው ሲመታ ይታወቃል፤ እሱም ካልተጠራችሁ አይገባም።

የሰፈራችሁን የጀበና ቡና ሴት ወዳጅ አድርጉ። ማን ሊድር ነው፣ የማን ልጅ ተመረቀ፣ የትኛው ቤት ጥሩ ጠላ ጠመቀ፣ ሁሉም እሷ ዘንድ ነው። ቀጥሎ አንድ ባጃጅ ነጂ። ማታ ሰው የት እንደሚወርድና የት ሳቅ እንደሚሰማ እሱ ያውቃል። ስልኩን ያዙ፤ መመለሻም ያስፈልጋችኋል።

ከተቻለ ደግሞ አንድ ጡረተኛ። በደርግ ጊዜ የወሎ ላሊበላ የኪነት ቡድንን መድረክ ላይ ያየ ሰው እስካሁን በየሰፈሩ አለ። ሻይ ጋብዙትና "ጋሼ፣ ያኔ እንዴት ነበር?" በሉት። ማሪቱ ለገሰን አንስቶ ሳያበቃ ይመሻል። ወሎ ባህል አምባ በኩል ስታልፉም በሩ ላይ የተለጠፈ ወረቀት ካለ ቆም ብላችሁ አንብቡ። የሥነ ጽሑፍ ምሽትና ቴአትር የሚታወቀው ብዙ ጊዜ በእንዲህ ዓይነት ወረቀት ነው።

3. ከቡናው ጀምሩ

የደሴ ማታ የሚጀምረው 11 ሰዓት ላይ ነው። ማታ 3 ሰዓት ላይ አዲዳስ ለብሶ ብቅ ያለ ሰው ግማሹ አምልጦታል። ሰው ቤት ቡና ከተጠራችሁ ሂዱ። ስኳርም ዳቦም ይዛችሁ ብትገቡ ማንም አይቀየማችሁም።

እዚህ ላይ የሠራሁትን ጥፋት ልንገራችሁ። አንድ ቅዳሜ የጎረቤታችን እትዬ ቤት ተጠራሁ። ቄጠማው ተጎዝጉዟል፣ እጣኑ ይጨሳል። አቦሉን ጠጣሁ፣ ቶናውን ጠጣሁ። ኳስ ነበረብኝና ብድግ አልኩ። እትዬ ጀበናውን እንደያዙ ቀና ብለው "በረካውን ለማን ጥለህ ነው?" አሉኝ። ሳቅ አድርጌ ወጣሁ። ሁለት ወር አልተጠራሁም። ሦስተኛው ስኒ ቅጥነቱን አይታችሁ አትናቁት፤ ምርቃቱ ያለው እሱ ላይ ነው። መዳፋችሁን ዘርግታችሁ "አሚን" በሉ። ቤቱ የሙስሊም ይሁን የክርስቲያን እዚህ "አሚን" የሁሉም ነው።

ወዳጃ ያለበት ቤት ከተጠራችሁ ደግሞ ስልካችሁን ኪስ ውስጥ ክተቱ። ዱዓ ነው፤ ትርኢት አይደለም። መቅረጽ ከፈለጋችሁ ጠይቁ። "ተው" ከተባላችሁ ተዉት።

4. አዝማሪ ቤት

ይሄኛው ነው ያስቸገረኝ፤ ስለዚህ ሰፋ ላድርገው።

መጀመሪያ ዝርዝር ብር። የመጀመሪያ ቀን ኪሴ ውስጥ የነበረው ሁለት ባለ 200 ብር ብቻ ነው። አዝማሪው ገና ሁለት ስንኝ እንደዘፈነልኝ በሞቅታ አንዱን ግንባሩ ላይ ለጠፍኩለት። ከዚያ በኋላ ከኔ ጠረጴዛ ማን ይንቀለው! ስለ ቁመቴ ዘፈነ፣ ስለ እናቴ ዘፈነ፣ ስለ ጫማዬ ዘፈነ። ሁለተኛዋም ሄደች። ባዶ ኪሴን ይዤ ጃኬቴን ቆልፌ ቁጭ አልኩ። እሱ ግን አልተወኝም። ማሲንቆውን ገዝገዝ አድርጎ እንዲህ አለኝ፦

"ጃኬቱን ቆልፏል እስከ አንገቱ ድረስ፣
ብርዱ እንዳይገባ ነው ወይስ ብሩ እንዳይፈስ?"

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። እኔም ሳቅሁ፤ ጆሮዬ ግን ቀልቷል። የባጃጅ ስለሌለኝ በዚያ ብርድ እስከ ሰፈሬ በእግሬ ሄድኩ። ውሻው ለብቻው ሌላ ታሪክ ነው።

ስለዚህ ቀን ላይ ብራችሁን አስርና ሃምሳ አስመንዝሩ። የባጃጁን ለይታችሁ ካልሲም ቢሆን ውስጥ ክተቱ። የመጀመሪያዋን ሽልማት ትንሽ አድርጉ፣ ከዚያ ራቅ ራቅ እያላችሁ ስጡ። ቴሌብር ግንባር ላይ አይለጠፍም። አንዳንዶች ቁጥር ጽፈው ግድግዳ ላይ ሰቅለዋል፤ እኔ ግን ያ ነገር ጨዋታውን ይገድለዋል ባይ ነኝ።

ሁለተኛ፣ የምትፈልጉትን ቅኝት በስሙ ጥሩ። ከአራቱ ቅኝቶች፣ ከትዝታ፣ ከባቲ፣ ከአምባሰልና ከአንቺሆዬ፣ ሁለቱ የወሎ ቦታ ስም የያዙ ናቸው። አምባሰል ከሐይቅ ከተማ ወደ ሰሜን ስትሄዱ የምታዩት ተራራማ አገር ነው። ባቲ በምሥራቅ ወደ አፋር መውረጃው ላይ ያለችው ከተማ ናት። ቤታችን ተወልዶ እኛ ግን አንዱን ከአንዱ አንለይም ነበር። ሳምንት ያህል በጆሮ ማዳመጫ ስሟቸው፤ ይለያሉ። ከዚያ አዝማሪ ቤት ገብታችሁ "እስቲ አምባሰል" ስትሉት ሰውየው አቀማመጡን ሲያስተካክል ታያላችሁ። "የእከሌን ዘፈን ዝፈን" ካላችሁት ግን እንደ ቴፕ ቆጠራችሁት ማለት ነው።

ሦስተኛውና ዋናው ግጥም መስጠት ነው። ከውጭ ሲታይ ሰካራም የሚጮኸው ይመስላል። ሥርዓት አለው። ግጥሙን ቤታችሁ አዘጋጁ። ሁለት ስንኝ ይበቃል። እያንዳንዱን ስንኝ እኩል ሁለት ቦታ ክፈሉት፤ በየክፋዩ ስድስት ስድስት ያህል ቀለም፣ ማለትም በአንድ ድምፅ የሚወጣ ክፍለ ቃል፣ ይኑር። በጣታችሁ እየቆጠራችሁ ጮክ ብላችሁ በሉት። ከተደናቀፈ አዝማሪውም ይደናቀፋል። ቤት መድፊያው ላይ አትስነፉ።

ቤቱ ውስጥ ስትሆኑ አዝማሪው ማሲንቆውን ብቻ የሚያስጮህበትን ቦታ ጠብቁ። እጃችሁን አንሱና "ተቀበል!" በሉ። የመጀመሪያውን ስንኝ ብቻ ስጡት። እሱ እስኪዘፍነው ዝም በሉ። ከዚያ ሁለተኛውን። እኔ የመጀመሪያ ቀን ሁለቱንም በአንድ ትንፋሽ አፈሰስኩት። "አልያዝኩትም የኔ ጌታ" አለኝ። ስደግመው ደግሞ እኔው ራሴ ጠፋኝ።

ምን ላይ ትገጥማላችሁ? ራሳችሁ ላይ። ሌላ ጠረጴዛ ያለ ሰው ላይ፣ አብራው ያለችው ሴት ላይ፣ ፖለቲካ ላይ፣ ብሔር ላይ እንዳትሞክሩ። አዝማሪው የመንካት ፈቃድ አለው፤ እናንተ የላችሁም። በነገራችን ላይ ስለ እናንተ የሚያውቀው ሁሉ አብሯችሁ የመጣው ጓደኛ ሹክ ያለው ነው። ጓደኛችሁን በወጉ ምረጡ።

ከስድስት ወር በኋላ እዚያው ቤት ተመልሼ፣ ደሴ አናት ላይ ያለውን ጦሳ ተራራ አንስቼ የሰጠሁት ይቺ ናት፦

"ጦሳ ስር ተወልጄ ጦሳን የማላውቀው፣
እንግዳ ሆኜ ነው ቤቴን የምጠይቀው።"

አዝማሪው ሁለተኛውን ስንኝ ሦስት ጊዜ መላለሰው። "የምጠይቀው" ላይ እየቆመ ወደኔ ያያል፤ ቤቴን መጎብኘቴ ነው ወይስ የት ነው እያልኩ መንገደኛ መጠየቄ? ያን ማታ የባጃጅ ብር ተርፎኝ ገባሁ።

መጠጥ የማትወስዱ አትስጉ። ለስላሳ ይዞ ሲያመሽ ያየሁት ሰው ብዙ ነው። ቀሪቦ ካገኛችሁ ደግሞ ከለስላሳው እሱ ይሻላል።

5. ጃኬትና ባጃጅ

ደሴ ከባህር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ ነው። ጉሙ ከጦሳ ሲወርድ የአዲስ አበባ ብርድ ቀልድ ነው። ጃኬት። ባጃጁን ቀድማችሁ ተስማሙ፤ የሰዓት ገደብ ካለም ጠይቁ። ባለፉት ዓመታት ሰዓቱ ሲጠብና ሲሰፋ አይተናል። ሴቶች ከሆናችሁ በሰው የታወቀ ነጂ ያዙ።

6. ቀኑን ለማታው አዘጋጁት

ይሄን ዝለሉት ብል ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን ማታ የሚወራው ቀን ያልታየ ከሆነ አይገባችሁም። ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩትን አይጠየፍ አዳራሽ እዩ። ስሙ ራሱ ወሬ ነው፦ ደሃ ሀብታም ሳይል፣ ማንንም ሳይጠየፍ የሚያበላ ማለት ነው። አንድ አዝማሪ ስለ አንድ ቸር ሰው "አይጠየፍ ነህ" ብሎ ሲዘፍን ሰው ሁሉ ያጨበጨበው ለምን እንደሆነ የገባኝ አዳራሹን ካየሁ በኋላ ነው። የደሴ ሙዚየም ደግሞ በ2014ቱ ጦርነት ተዘርፏል። ከመሄዳችሁ በፊት ክፍት መሆኑን ጠይቁ።

ሐይቅ ለእሑድ ነው። ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ዓሣ ብሉ፣ እስጢፋኖስ ገዳምን እዩ፣ ሳይመሽ ተመለሱ። "አንድ ሚኒባስ አይጠፋም" ብዬ ቆይቼ አይሱዙ ላይ ከሽንኩርት ጋር ነው የተመለስኩት።

ባቲ ግን ሰኞ ነው፤ ገበያው የሰኞ ነውና ሌላ ቀን ብትሄዱ ባዶ ሜዳ ነው የምታዩት። አፋሩ ከቆላ ይወጣል፣ ኦሮሞውና አማራው ከደጋ ይወርዳል፤ ግመሉ፣ ፍየሉ፣ ጨሌው አንድ ላይ ነው። ከሥራ ፈቃድ ውሰዱ። ችግሩ ደሴም ሰኞ ገበያ የሚባል ሰፈር ያለን የሰኞ ሰዎች መሆናችን ነው፤ እናታችሁ እዚያ እንድትሸኟት ትፈልግ ይሆናል። እሑድ ማታ ቀድማችሁ ንገሯት። ጠዋት በጨለማ ተነሱ፣ ጃኬት ለብሳችሁ ውጡ። ኮምቦልቻ ስትደርሱ ጃኬቱን ታወልቃላችሁ፣ ባቲ ስትደርሱ ሹራቡን። ለሁለቱም ባዶ ፌስታል ያዙ።