ለጤና ዳሰሳ ጥናት የናሙና አወሳሰድ ዘዴ እንዴት ይመረጣል?

በጤና ትምህርት ቤቶች የመመረቂያ ጥናት የሠራ ሰው 423 የሚለውን ቁጥር ያውቀዋል። የሚጠናው ሕመም ስርጭት (ያለባቸው ሰዎች ድርሻ) 50 በመቶ ተብሎ ሲገመት፣ በ95 በመቶ መተማመኛና በ5 በመቶ የስህተት ወሰን 384 ሰው ይወጣል፤ ለማይመልሱ 10 በመቶ ሲታከልበት 423 ይሆናል። ስሌቱ ትክክል ነው። ሰዎቹ እንዴት እንደሚመረጡ ግን አይነግረንም፤ አመራረጡ ከተዛባ ደግሞ ቁጥሩን እጥፍ ማድረግ አያቃናውም።

መጀመሪያ ውጤቱ ስለ ማን እንደሚናገር ይወስኑ። “የደም ግፊት ሕሙማን” ማለት አይበቃም። ብዙ ሰው ግፊት እንዳለበት ሳያውቅ ስለሚኖር፣ ከሆስፒታል የተወሰደ ናሙና የከተማውን ስርጭት ሊያሳይ አይችልም።

ቀጥሎ ዝርዝር ይፈልጉ። የተሟላ የካርድ ቁጥር ዝርዝር ካለ በኮምፒውተር ዕጣ ማውጣት ከሁሉም ይቀላል። ስለ አንድ የዝርዝሩ አነስተኛ ክፍል፣ ለምሳሌ ስለ ገጠር ነዋሪዎች፣ ለብቻ መናገር ከፈለጉ መጀመሪያ በየክፍሉ ለይተው ከእያንዳንዱ ዕጣ ያውጡ።

ዝርዝር ከሌለና ጥናቱ ክትትል ክሊኒክ ውስጥ ከሆነ በየተራ መምረጥ ይቻላል። በሦስት ወር 1,700 የስኳር ሕሙማን ይመጣሉ እንበል፤ ለ423 ሲካፈል 4 ይሆናል። ከ1 እስከ 4 ዕጣ ያውጡ፤ 3 ከወጣ 3ኛውን፣ 7ኛውን፣ 11ኛውን እያሉ ይቀጥሉ። እዚህ ላይ ብዙዎች የማያስተውሉት ነገር አለ። ስኳራቸው ያልተስተካከለ ሰዎች በየወሩ ሲቀጠሩ የተረጋጋላቸው በሦስት ወር አንዴ ይመጣሉ። መረጃው በአንድ ወር ውስጥ ብቻ ከተሰበሰበ ያልተስተካከለላቸው ከድርሻቸው በላይ ይገባሉ፤ ክሊኒኩም ከእውነቱ የባሰ ይመስላል። ስለዚህ ሙሉውን ሦስት ወር ይሰብስቡ፤ እያንዳንዱን ሰውም በካርድ ቁጥሩ እየለዩ በመጀመሪያ ሲመጣ ብቻ ይቁጠሩት።

ጥናቱ ቤት ለቤት ከሆነ የክላስተር (በአንድ አካባቢ የተሰባሰቡ ቤቶች) ዘዴ ይጠቀሙ። ቀበሌዎችን ወይም መንደሮችን በቤተሰብ ብዛታቸው ልክ ዕድል ሰጥተው በዕጣ ይምረጡ፣ በተመረጡት ውስጥ ያሉትን ቤቶች ሁሉ ይመዝግቡ፣ ከዚያ ቤቶቹን በዕጣ ያውጡ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የቤተሰብ ማህደር ጥሩ መነሻ ነው፤ አዲስ የገቡና የለቀቁ ቤተሰቦችን ግን ያጣሩ። ጎረቤታሞች ስለሚመሳሰሉ የናሙናው ብዛት በ1.5 ወይም በ2 ይባዛል። በቀድሞው የክትባት ሽፋን ጥናት፣ 30 ክላስተር በ7 ሕፃናት (ከ30 ክላስተሮች ከእያንዳንዱ 7 ሕፃናት) በሚባለው፣ መንደሩ መሃል እስክሪብቶ አሽከርክሮ የመጀመሪያውን ቤት መምረጥ የተለመደ ነበር። ይህ መሃል አካባቢ ላሉ ቤቶች ያደላል፤ የዓለም ጤና ድርጅት የ2018 መመሪያም ቤቶችን መዝግቦ በዕጣ መምረጥን ይመክራል።

በመርፌ ዕፅ እንደሚወስዱ ሰዎች ላሉ ራሳቸውን ለሚሰውሩ ወገኖች ዝርዝርም ቤትም አያገለግልም። እዚያ ተሳታፊዎች በተወሰነ ኩፖን የሚያውቋቸውን ሰዎች የሚጋብዙበት ዘዴ ይሻላል፤ ትንተናውም የየሰውን ትውውቅ ስፋት ማስላት አለበት።

በመጨረሻ መስክ ሲወጡ የተዘጋ ቤት ካጋጠመዎት በጎረቤት አይተኩት። ቀን ቤት የሚገኙት አረጋውያን፣ ሕመምተኞችና ሕፃን የያዙ እናቶች ይበዛሉ። አመሻሽ ላይና ቅዳሜ ተመልሰው ይሞክሩ፤ ካልተገኘ “አልተገኘም” ብለው ይመዝግቡት፤ 10 በመቶው የተጨመረው ለዚሁ ነው።