ከካሽ ወደ ካርድና ስልክ ክፍያ ለምትሻገሩ፦ አንዲት ካሸር የምትመክራችሁ

ካሸር ነኝ። ሥራ ስጀምር መሳቢያዬ ውስጥ የሚገባው ሁሉ ኖትና ሳንቲም ነበር። ማታ ሒሳብ ስዘጋ ጣቶቼ ይጠቁሩ ነበር። አሁን መሳቢያው ከሞላ ጎደል ባዶ ሆኖ ይመሻል፤ ገንዘቡ በካርድና በስልክ ያልፋል። ለውጡን ወድጄዋለሁ። መልስ ፍለጋ መሯሯጥ ቀረ፣ ሐሰተኛ ኖት መመርመር ቀረ፣ ገንዘብ ታቅፎ ባንክ መሄድ ቀረ።

ሆኖም ፊቴ ከሚሰለፉት ሰዎች ብዙዎቹ ሲቸገሩ አያለሁ። ማሽኑ ከብዷቸው አይደለም፤ ማሽኑንስ ቶሎ ይለምዱታል። ካሽ ሳይነግራቸው ይሠራላቸው የነበረውን ሥራ የሚሠራላቸው ስለጠፋ ነው። ካሽ ስንት እንደቀራችሁ ያሳያል፤ ቦርሳ መክፈት ይበቃል። ከፍላችሁ መልሳችሁን ስትቀበሉ ጉዳዩ እዚያው ያልቃል። መብራት ቢኖርም ባይኖርም ይሠራል። ወደ ካርድና ስልክ ስትሻገሩ እነዚህን ሦስቱን ራሳችሁ መተካት አለባችሁ።

መጀመሪያ የወጪ ሒሳብ ለዩ። ደመወዛችሁ ወይም ቁጠባችሁ ያለበትን ሒሳብ ከካርዱ ጋር አታገናኙት። ለዕለት ወጪ ብቻ ሌላ ሒሳብ ክፈቱ። ከዚያ በካሽ ጊዜ በሳምንት ታወጡት የነበረውን ያህል በየሳምንቱ ወደዚያ አዛውሩ። ካርዱ ቢሰረቅ ወይም የሚስጥር ቁጥሩ ቢታወቅ የምታጡት የሳምንት ወጪ ብቻ ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ ገንዘብ እያለቀ ሲሄድ ይታወቃችኋል።

ይህን ነገር አትናቁት። ድራዘን ፕሬሌክና ደንከን ሲሜስተር የተባሉ በአሜሪካ የኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2001 ያሳተሙት ጥናት አለ። ለተማሪዎች የቅርጫት ኳስ ጨዋታ ትኬት በጨረታ አቀረቡ። አንዳንዶቹ በካሽ፣ ሌሎቹ በክሬዲት ካርድ እንደሚከፍሉ ተነገራቸው። በካርድ የሚከፍሉት ያቀረቡት ዋጋ በአማካይ የካሾቹን እጥፍ ያህል ነበር። ትኬቱ ያው ትኬት ነው። እኔም በየቀኑ የማየው ይህንኑ ነው፤ ካሽ የያዘ ሰው ኖቱን ሲቆጥር ቆም ይልና አንዱን ዕቃ ይመልሳል። ካርድ የያዘ ሰው ዕቃ ሲመልስ ብዙ ጊዜ አላይም።

ስለዚህ ለእያንዳንዱ ክፍያ፣ ትንሽም ቢሆን፣ ከባንካችሁ አጭር መልእክት እንዲደርሳችሁ አድርጉ። መልእክቱ ሲመጣ ቀሪ ሒሳቡን አንብቡ። ቦርሳችሁን ከፍታችሁ የምታዩት በዚህ ነው። በየወሩ ራሱ እየቆረጠ የሚወስድ አገልግሎት ካላችሁም ዝርዝሩን አውጡና የማትጠቀሙበትን ዝጉ።

አሁን ወደ እኔ ቦታ እንምጣ። ዋጋውን ፖስ ማሽኑ (ካርድ የሚያነበው መክፈያ) ላይ የምጽፈው እኔ ነኝ። ሰልፍ በረዘመበት ሰዓት ጣት ሊስት ይችላል፤ አንዲት ዜሮ ብትጨመር ዋጋው አሥር እጥፍ ነው። የሚገርመኝ፣ አብዛኛው ደንበኛ በዚያች ቅጽበት ማሽኑን አያይም። ወይ እኔን ያያል፣ ወይ ስልኩን። ማሽኑን ወደ ራሳችሁ አዙሩትና በስክሪኑ ላይ ያለውን ቁጥር ከነነጥቡ አንብቡ። ካርድ ማስገባቱ ከዚያ በኋላ ይደርሳል። አይከፋኝም፤ እንዲያውም ቁጥሩን ጮክ ብሎ የሚያነብልኝ ደንበኛ ሥራዬን ያቀልልኛል። የሚስጥር ቁጥር ስትነኩ በሌላኛው እጃችሁ ከልሉት። ቁጥሩን ለካሸር ነግራችሁ እንድትነካላችሁ አታድርጉ። እኔም ቢነግሩኝ እምቢ እላለሁ።

በማስጠጋት ብቻ የሚሠራ ካርድ ያላቸው ሰዎች በማሽኑ አጠገብ ሳልፍ ገንዘብ ይቆርጥብኛል ብለው ይሰጋሉ። ካርዱ ከማሽኑ በጥቂት ሴንቲሜትር ርቀት ካልሆነ አይነበብም፤ ማሽኑም ዋጋ ተጽፎበት መጠበቅ አለበት። እዚህ ላይ ብዙ አትጨነቁ።

መጨነቅ ያለባችሁ ክፍያ በመሃል ሲቋረጥ ነው። በቀደም አንዲት እናት ከልጃቸው ጋር መጡ። ማሽኑ «አልተሳካም» አለ። ወዲያው የእሳቸው ስልክ ጮኸ፤ ገንዘቡ ተቀንሷል ይላል።

«በቃ እማዬ፣ ድገሚው» አላቸው ልጁ።

«እንዴ! ሁለቴ ልከፍል ነው?» አሉ።

«እናቴ፣ አይድገሙት፤ መጀመሪያ እንይ» አልኳቸው። ቀሪ ሒሳባቸውን በስልካቸው አየን፤ ቀንሷል። በእኛ በኩል ግን የገባ ነገር የለም። የሆነው ይህ ነው፦ በካርድ ስትከፍሉ ባንኩ መጀመሪያ ገንዘቡን ይይዘዋል፤ ለሻጩ የሚያስተላልፈው በኋላ ነው። መስመሩ በመሃል ከተቆረጠ ገንዘቡ ተይዞ ይቆያል፤ ከእናንተ ወጥቷል፣ ሻጩ ዘንድ ግን አልደረሰም። አብዛኛውን ጊዜ በቀናት ውስጥ ራሱ ይመለሳል። ካልተመለሰ ባንኩ የሚጠይቃችሁ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የገንዘቡን መጠንና የማጣቀሻ ቁጥሩን ነው። ስለዚህ «አልተሳካም» የሚለውን ወረቀትም ቢሆን አትጣሉት፤ እንዲያውም ከሌላው ደረሰኝ ይልቅ እሱን ያዙት። እናትየው ወረቀቱን አጥፈው ቦርሳቸው ውስጥ አስገቡና የያዙትን ካሽ ሰጡኝ።

ልጁ በደግነት ነው የቸኮለው። ግን ወላጅ ስታስተምሩ ስልኩን ከእጃቸው ወስዳችሁ አትጨርሱላቸው። ራሳቸው ይንኩት፣ እናንተ አጠገባቸው ቁሙ። ጊዜ ይወስዳል፤ ይውሰድ። የሚስጥር ቁጥሩንም ለእናንተ ለልጆቻቸውም ቢሆን እንዳይነግሩ አስለምዷቸው።

በስልክ ገንዘብ ስትልኩ ጥንቃቄው ሌላ ነው። የካርድ ቁጥር የመጨረሻዋ አኃዝ መቆጣጠሪያ ናት። የኮምፒውተር ኩባንያው የአይቢኤም ባለሙያ ሃንስ ፒተር ሉን በ1950ዎቹ በፈጠረው ስሌት አንድ አኃዝ ከተሳሳታችሁ ሲስተሙ ወዲያው ያውቃል። ስልክ ቁጥር ግን እንዲህ ያለ ጠባቂ የለውም። አንድ አኃዝ ከሳታችሁ ገንዘቡ ያ ቁጥር ላለው ለሌላ ሰው ሊሄድ ይችላል፤ ማስመለሱም በዚያ ሰው ፈቃድ ላይ ሊወድቅ ይችላል። ቁጥሩን ከጻፋችሁ በኋላ የሚመጣውን ስም አንብቡ። ስሙ ካልገጠመ ተዉት። ለአዲስ ሰው ብዙ ገንዘብ የምትልኩ ከሆነ መጀመሪያ ትንሽ ላኩ፣ መድረሱን ጠይቁ፣ ከዚያ የቀረውን አስከትሉ።

በስልክ ካሜራ የሚነበበው ባለ አራት ማዕዘን ምልክት፣ ኪውአር ኮድም እንደዚያው ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 የጃፓኑ ኩባንያ ዴንሶ ዌቭ የፈጠረው የመኪና ዕቃዎችን ለመከታተል ነበር። ኮዱ መረጃ ይይዛል እንጂ ማን እንደለጠፈው አይናገርም። ሌባ የራሱን ኮድ አትሞ በሱቁ ኮድ ላይ ሊለጥፍ ይችላል። ስካን ካደረጋችሁ በኋላ የሚመጣው ስም የሱቁ ስም መሆኑን ሳታረጋግጡ አትክፈሉ።

ሻጭ ከሆናችሁ ደግሞ ስክሪንሾት ገንዘብ አይደለም። ስልካቸውን አዙረው «ይኸው ልኬአለሁ» የሚሉኝ አሉ። አብዛኞቹ እውነታቸውን ነው። ግን ምስል ለመሥራት ደቂቃ አይፈጅም። በራሳችሁ ሒሳብ ላይ እስኪገባ ዕቃውን አታስረክቡ፤ በትሕትና «ትንሽ ይጠብቁኝ» ማለት ነውር የለውም።

ወደ ስልካችሁ የሚላክ የማረጋገጫ ቁጥርን ለማንም አትንገሩ። ባንክ ነኝ ቢል፣ ስማችሁን ቢጠራ፣ ቢያጣድፋችሁም ያው ነው። ዝጉትና ባንኩን ካርዱ ጀርባ ላይ ባለው ቁጥር ራሳችሁ ደውሉለት።

ካሽን ጨርሳችሁ አትሰናበቱት። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2025 መጨረሻ ላይ ስፔንና ፖርቱጋል ውስጥ መብራት በአንድ ጊዜ ሲጠፋ ብዙ ቦታ ካርድ መቀበል ቆመ፤ የሚገዛው ካሽ የያዘ ነበር። የጥቂት ቀን ወጪ ቤት አስቀምጡ። በትልልቅ ኖት ሳይሆን በዝርዝር ይሁን፤ በዚያን ቀን መልስ የሚሰጣችሁ አይኖርም።

ካርድ ወይም ስልክ ሲጠፋም ቅደም ተከተል አለው። መጀመሪያ ባንክ ደውላችሁ ካርዱንና የሞባይል ባንኪንጉን አስዘጉ። ቀጥሎ ሲም ካርዱን አስዘጉ፣ የማረጋገጫ ቁጥር የሚመጣው በእሱ ነውና። ፖሊስ ጋ መሄድ ከዚያ በኋላ ነው። የባንኩን ቁጥር በስልካችሁ ብቻ ከያዛችሁት ግን አብሮ ይጠፋል። ዛሬውኑ ወረቀት ላይ ጻፉትና አንዱን ቤት አስቀምጡ፣ አንዱን ለምታምኑት ሰው ስጡ።