የሥጋ ደዌ ያገኛቸውን ምእመናን ከደጀ ሰላም ወደ ሰንበቴ ለማስገባት

በብዙ አጥቢያዎች የሥጋ ደዌ ያገኛቸው ምእመናን ከደጀ ሰላሙ አልፈው፣ አባላት በየተራ ደግሰው ከቅዳሴ በኋላ አብረው ወደሚቀምሱበት ወደ ሰንበቴው ቤት አይዘልቁም፤ ምጽዋት ይደርሳቸዋል፣ አጠገባቸው የሚቀመጥ ግን የለም። ይህን ለመለወጥ የሚነሣ ሰበካ ጉባኤ ሥራውን ከምእመኑ ፍርሃት ይጀምር። በሽታው በባክቴሪያ የሚመጣና በመድኃኒት የሚድን መሆኑን፣ ታካሚው መድኃኒት ከጀመረ ብዙም ሳይቆይ ወደ ሌላ እንደማያስተላልፍ፣ በእጅና በእግር ላይ የቀረው ጉዳትም ሕመሙ አሁንም አለ ማለት እንዳልሆነ ከቅዳሴ በኋላ የጤና ባለሙያ ያስረዳ። ሰባኪውም ጌታ ለምጻሙን ሲያነጻው እጁን ዘርግቶ እንደ ዳሰሰው (ማቴ. 8፥3) ያስተምር።

ከዚያ የሰንበቴው ሙሴ (የማኅበሩ መሪ) ራሱ ሄዶ በስማቸው ይጥራቸው፤ በዕድሜ የገፉትን «አባባ»፣ «እማማ» ማለት ይገባል። ለብቻ ጥግ ወይም ለብቻ ጽዋ መለየት ግብዣውን ወደ ውርደት ስለሚለውጠው ፈጽሞ አይደረግ። እጁ የደነዘዘ ሰው ሙቀቱ ሳይሰማው ሊቃጠል ስለሚችል ግን ትኩስ ነገር ሲቀርብ እጀታ ባለው ዕቃ ይሁን።

ተራቸው ሲደርስም ድግሱን ያውጡ፣ ያመጡትም ዳቦና ጠላ እንደ ሌላው ሁሉ በደስታ ይቀመስ፤ ይህን ከሁሉ አብልጬ አሳስባለሁ። ወጪው ከከበዳቸው ከሌላ አባል ጋር ተጣምረው ማውጣት ይችላሉ።