በአደራ ቤተሰብ ዘንድ ያሉ ሕፃናትን ጉዳይ በበጎ ፈቃድ እንዴት እንገመግማለን?

ደሴ ላይ የሌላ ሰው ልጅ በአደራ ተቀብሎ ማሳደግ የቆየ ልማድ ነው፤ ያልተለመደው አደራውን በጽሑፍ መዝግቦ፣ ቀን ቆርጦ መጠየቁ ነው። የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን አንቀጽ 25 በመንግሥት አካል ውሳኔ ከቤተሰቡ ውጭ የሚያድግ ሕፃን አያያዙ በየጊዜው እንዲመረመርለት መብት ይሰጠዋል፤ የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በ2002 ዓ.ም. የተቀበለው የአማራጭ ክብካቤ መመሪያም ክብካቤው ጊዜያዊ ከሆነ ምርመራው ቢያንስ በየ3 ወሩ ቢካሄድ እንደሚመረጥ ያመለክታል። አሜሪካ በ1980 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ሕግ ምርመራው ቢያንስ በየ6 ወሩ እንዲካሄድ አዛለች፤ በአንዳንድ ግዛቶቿም ይህን ሥራ የሚያግዙት ሥልጠና የወሰዱ ተራ ነዋሪዎች ናቸው። በቅሬ (በወሎ የመረዳጃ ማኅበር) እና በዕድር ያገለገሉ ሰዎች እዚህም ሊሠሩት ይችላሉ፤ ይሁን እንጂ በሽምግልና የለመዱት ሁለት ወገን የማግባባት ነገር ያሳስታቸዋል፤ ልጁ ወገን ሆኖ ቆሞ የሚከራከር አይደለምና።

ሥራው የሚጀመረው ከከተማው ሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ መምሪያ የጽሑፍ ፈቃድ በመቀበል ነው፤ በራስ ተነሳሽነት የሰው በር ማንኳኳት አይገባም። ለገምጋሚው ቡድን ሦስት ወይም አምስት ሰዎች ይበቃሉ። ከአደራ ቤተሰቡ ጋር የሚዛመድ፣ የሚጎራበት ወይም በአንድ ቅሬ ያለ ሰው ከዚያ ጉዳይ ይነሣ። የልጁ መዝገብም በስም ሳይሆን በቁጥር ይጠራ፤ ሸዋ በር ቡና ላይ የተነሣ ወሬ ሳይመሽ ፒያሳ እንደሚደርስ የከተማው ሰው ያውቃል።

ቀጥሎ መዝገቡን ያንብቡ። ልጁ መቼና በምን ምክንያት እንደመጣ፣ ማን እንደወሰነ፣ የልደት ምስክር ወረቀት፣ ክትባትና ትምህርት እንዳለው፣ ወንድምና እኅቶቹ የት እንዳሉ ይመልከቱ። ከሁሉም በላይ ግን «ጊዜያዊ» የሚለው ቃል እስከ መቼ እንደሆነና መድረሻው ምን እንደሆነ ይፈልጉ፦ ወደ ወላጆቹ መመለስ ነው፣ ወደ ዘመድ ነው ወይስ የአገር ውስጥ ጉዲፈቻ? (የውጭ አገር ጉዲፈቻ በ2010 ዓ.ም. ተዘግቷል።) «ቤተሰቡ አልተገኘም» የሚል ዐረፍተ ነገር ካገኙ የተጻፈበትን ቀን ያጣሩ። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ ከራያ ቆቦና ከወልድያ የተፈናቀለው ሕዝብ ደሴ ተጠልሎ ሳለ ከተማዋ ራሷ በጦርነቱ ስትያዝ፣ ብዙ ሰው እንደገና ወደ ኮምቦልቻና ከዚያም ወዲያ ሸሽቷል፤ በዚያ ሰሞን የተጻፈ «አልተገኘም» ዛሬ እውነት ላይሆን ስለሚችል ፍለጋው እንደ አዲስ እንዲጀመር መጠየቅ ተገቢ ነው።

ልጁን ሲያነጋግሩ አሳዳጊዋ እያወቁ፣ ከዐይን ሳይርቁ፣ ነገር ግን ንግግሩ በማይሰማበት ቦታ ይሁን። «ደስ ይልሃል?» ብሎ መጠየቅ ብዙም አይጠቅም፤ በይሉኝታ ያደገ ልጅ «አዎ» ይላል። «ትናንት ከእንቅልፍህ ከተነሣህ ጀምሮ ምን ምን ስትሠራ ዋልህ?» ብትሉት ግን ጄሪካኑም፣ ወፍጮ ቤቱም፣ የቀረበት የትምህርት ሰዓትም ተራ በተራ ይወጣል። ለማሳደግ ተብላ የገባች ልጅ ያለ ደመወዝ የቤት ሠራተኛ ሆና የምትገኘው በዚህ ዓይነት ዝርዝር ውስጥ ስለሆነ፣ የእርሷን ውሎ ከቤቱ ልጆች ውሎ ጋር ያነጻጽሩ። በየትኛው ሃይማኖት እንዳደገችም ይጠይቁ እንጂ አይገምቱ፤ ወሎ ውስጥ ስም ሁልጊዜ ሃይማኖትን አይናገርም። አሳዳጊዋንም ያድምጡ፤ ድካማቸው እውነተኛ ነው፣ የሚያስፈልጋቸውም ብዙ ጊዜ ተግሣጽ ሳይሆን የደብተርና የሕክምና ድጋፍ ነው።

ድብደባ ወይም ጥቃት ከጠረጠሩ ስብሰባ ሳይጠብቁ በዚያኑ ዕለት ለመምሪያውና ለፖሊስ ያሳውቁ። ለሌላው ሁሉ ያዩትን፣ የሰሙትንና የገመቱትን ለየብቻ የያዘ አጭር የውሳኔ ሐሳብ ይጻፉ፤ ውሳኔው የእርስዎ አይደለም። «ክትትል ይደረግ» የሚል ዐረፍተ ነገር ማንንም ስለማያስገድድ፣ ማን ምን እስከ መቼ እንደሚፈጽም ይጥቀሱ። የሚቀጥለው ስብሰባም አዲስ መዝገብ ከመክፈቱ በፊት በዚያ ወረቀት ይጀምር፤ ልጁ ከነገራችሁ ነገር የቱ እንደተፈጸመና የቱ እንዳልተፈጸመ፣ ምክንያቱን ጨምሮ፣ በሚገባው ቋንቋ የሚነግረው ሰውም ከመካከላችሁ አስቀድሞ ይመደብ።