በረራው ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ ለማወቅ ቲኬቱ ላይ ያለውን ሰዓት ዝም ብላችሁ አትቀንሱ

ቲኬት ላይ የሚጻፈው መነሻም መድረሻም በየከተማው ሰዓት ነው። ለምሳሌ ከዱባይ 10:00 ተነስቶ ባንኮክ 19:30 የሚገባ በረራ 9 ሰዓት ተኩል የሚፈጅ ይመስላል። ባንኮክ ግን ዱባይን በ3 ሰዓት ትቀድማለች፤ 3ቱን ሰዓት ቀንሱና ጉዞው 6 ሰዓት ተኩል ብቻ ነው። በመልስ ጉዞው ደግሞ 3 ትደምራላችሁ። ወደ ምዕራብ ሲበረር፣ በተለይ በሰሜኑ ንፍቀ ክበብ የብርድ ወራት፣ ነፋስ ከፊት ስለሚገጥም ትንሽ ይረዝማል።

ቲኬት ገና ካልቆረጣችሁ የሚፈጀውን ሰዓት ለመገመት ርቀቱን በኪሎ ሜትር ለ800 አካፍሉና ለመነሻና ለማረፊያ ግማሽ ሰዓት ጨምሩ። ዱባይ ባንኮክ 4,900 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ሞክሩት። ትራንዚት ላለው ጉዞ ግን ይሄኛው ስሌት አይሆንም።

ደግሞ ቲኬት ላይ 03:00 ማለት በእኛ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው፤ በዚህ ምክንያት በረራ ያመለጠው ብዙ ነው።