ሶፕዊዝ ካሜልን አስነስቶ ማብረር

እ.ኤ.አ. በ1917 ግንባር የገባው ይህ የእንግሊዝ ባለ ድርብ ክንፍ ተዋጊ አውሮፕላን ከጠላት ጥይት ባልተናነሰ በገዛ ሞተሩ ጀማሪ አብራሪዎችን ፈጅቷል። ስለዚህ ከሞተሩ እንጀምር። 130 የፈረስ ጉልበት ያለው ክሌርዤ ዘጠኝ ሲሊንደሮች አሉት፤ ዘንጉ ታስሮ የሚሽከረከሩት ሲሊንደሮቹ ራሳቸው ናቸው። አየሩንና ቤንዚኑን የሚያመጣጥነው የአብራሪው እጅ ነው፣ በሁለት ማንሻዎች።

ጎማዎቹን በታኮ አስይዙ። ማግኔቶው (ለሞተሩ የኤሌክትሪክ ብልጭታ የሚሰጠው መሣሪያ) ዝግ መሆኑን ሳታረጋግጡ ማንም ፕሮፔለር እንዳይነካ። የቤንዚኑን ታንክ በእጅ ፓምፕ ግፊት ስጡት። ረዳቱ በየሲሊንደሩ የጭስ ማውጫ ቫልቭ ጥቂት ቤንዚን ጠብ እያደረገ ፕሮፔለሩን ያዞራል። "ኮንታክት!" ተባብላችሁ ማግኔቶውን ስትከፍቱ ረዳቱ ፕሮፔለሩን ስቦ ወዲያው ይሽሽ።

ሞተሩ እንደተነሳ ዓይናችሁ የዘይቱ ብልቃጥ ላይ ይሁን። ዘይቱ እንደ ልብ ትርታ ካልመታ አጥፉት። የሚጠቀመው የጉሎ ዘይት ነው፣ ቤንዚን በቀላሉ ስለማያጥበው። አንዴ ከገባ አይመለስም፤ ተረጭቶ ይወጣል፣ አብራሪውም ይተነፍሰዋል። ጉሎ ሆድን ምን እንደሚያደርግ መቼም ታውቃላችሁ።

ዋናው ፈተና ጎማው መሬት ከለቀቀ በኋላ ነው። ለመነሻ የተሰጠው ቤንዚን አሁን ስለሚበዛ ማንሻውን ቶሎ ቀንሱ፤ ካልሆነ ሞተሩ ታፍኖ ዝም ይላል። ዝም ካለ አፍንጫውን ዝቅ አድርጋችሁ ቀጥ ብላችሁ ሂዱ፣ ቤንዚኑን ሙሉ በሙሉ ዝጉ፣ ትርፉ እስኪጸዳ ጥቂት ሰከንድ ታገሱ፣ ከዚያ ቀስ ብላችሁ ክፈቱ። ወደ ሜዳው ልመለስ ብሎ መዞር ግን ፍጥነት አሳጥቶ እየተሽከረከሩ መውደቅን ያመጣል። ብዙዎቹ የሞቱት እንዲህ ነው።

ሞተሩ፣ አብራሪው፣ መትረየሶቹና ታንኩ ከፊት በኩል ተጨናንቀው ስለተቀመጡ አውሮፕላኑ በቅጽበት ይታጠፋል። ወደ ቀኝ ሲታጠፍ አፍንጫው ይወርዳል፣ ወደ ግራ ሲታጠፍ ይነሳል። በሁለቱም የግራ ፔዳል ያስፈልጋል፤ ለቀኙ መታጠፊያ የግራ እግር መርገጥ መጀመሪያ ግር ይላል። ታንኩ ሙሉ ሲሆን ጭራው ስለሚከብድ መሪውን ሁልጊዜ ወደፊት ገፋ አድርጋችሁ ያዙ።

ለማረፍ መሪው ላይ ያለውን ቁልፍ ጫን ለቀቅ አድርጉ፤ ብልጭታውን ስለሚያቋርጥ የሞተሩ ጉልበት ይቀንሳል። ለረጅም ጊዜ ከጫናችሁት ግን ቤንዚኑ ስለማይቆም የሞተሩ ሽፋን ውስጥ ይጠራቀማል፣ ስትለቁትም በእሳት ሊያያዝ ይችላል።