አይቢሶችን እንዴት ለይተን መመደብና መግለጽ እንችላለን?

አይቢስ ወይም ጋጋኖ የሚባለውን ወፍ ስታዩ ቀለሙን ቶሎ አትመኑ። ቀለም ከዕድሜ፣ ከምግብና ከወቅት ጋር ይለዋወጣል። ቀዩ አይቢስ በልጅነቱ ቡናማ ነው፤ ቅላቱን የሚያገኘው ከሚበላቸው ሸርጣኖችና መሰል እንስሳት ነው። የምሥራቅ እስያው ባለ ጉትዬ አይቢስ ደግሞ በመራቢያ ወቅት ከአንገቱ ቆዳ የሚወጣ ጠቆር ያለ ነገር ላባው ላይ ያሻል። ነጭ የነበረው ወፍ ግራጫ ይሆናል። ራሱን በራሱ ቀለም ቀባ ማለት ነው! ስለዚህ ከቅርጽ ጀምሩ፣ ቀለሙ ይቆይ።

መጀመሪያ፦ በእርግጥ አይቢስ ነው?

ምንቃሩን ተመልከቱ። ረጅም፣ ቀጭንና ወደ ታች የጎበጠ መሆን አለበት። ይሄ ብቻውን ግን አይበቃም፤ ጎባጣ ምንቃር ያላቸው ሌሎች የውሃ ዳር ወፎችም አሉ። ፊቱ ላይ ላባ ያልሸፈነው ቆዳ ካለ ወደ አይቢስ ቀረባችሁ። ሲበርም ጠብቁት። አይቢስ አንገቱን ወደ ፊት ዘርግቶ ይበራል፣ ሄሮን የሚባለው ባለ ረጅም እግር የውሃ ዳር ወፍ ግን አጥፎ ነው።

የቅርብ ዘመዶቹ ምንቃራቸው ጫፉ ላይ እንደ ማንኪያ የሚሰፋው ወፎች ናቸው፤ የአንድ ቤተሰብ አባላት ናቸው። የቆዩ መጻሕፍት ይህን ቤተሰብ ከሽመላ ጋር ይመድቡታል። ከዲኤንኤ ጥናት ወዲህ ግን ከፔሊካን (ከምንቃሩ ሥር ከረጢት ካለው ትልቅ የውሃ ወፍ) እና ከሄሮን ጋር ነው የሚቀመጠው፤ አሮጌ መጽሐፍ የምትጠቀሙ ከሆነ ይህን ልብ በሉ።

በስምም አትታለሉ። ለእንስሳትና ለዕፅዋት ሳይንሳዊ ስም ያወጣው ስዊድናዊው ሊኔየስ በ1758 «ኢቢስ» የሚለውን የዝርያ ስም ከብት ተከትሎ ለሚውለው ነጭ ወፍ ሰጠ፤ በ1766 ደግሞ ለቢጫ ምንቃሩ ሽመላ። ሁለቱም አይቢሶች አይደሉም። ጥንታዊ ግብፃውያን አድርቀው ያቆዩት የተቀደሰው ወፍም ይኸው ሽመላ ነው ተብሎ ይታመን ነበር። በ1800 ገደማ ፈረንሳዊው የእንስሳት ተመራማሪ ኪዩቪዬ የደረቁትን ወፎች አጥንት መርምሮና ለክቶ ሽመላ አለመሆናቸውን አሳየ። ዛሬ «ቅዱስ አይቢስ» የምንለው ወፍ ነበር። ክርክሩን የፈታው ልኬት ነው።

ቀጥሎ፦ ራስና አንገት

ወገኑን፣ ማለትም የሚቀራረቡ ዝርያዎችን ስብስብ፣ ለመለየት ከዚህ የተሻለ ቦታ የለም። ላባው የት ላይ ያበቃል? ራሱም አንገቱም ራቁት ጥቁር ቆዳ፣ ገላው ግን ነጭ ከሆነ ከቅዱስ አይቢስ ወገን ነው። ራሱ ብቻ በራ ሆኖ ገላው ጥቁርና አንጸባራቂ ከሆነ ከበራዎቹ ነው። የሰሜኑ በራ አይቢስ አንገቱ ላይ የተንጨባረረ ረጅም ላባ አለው፣ የደቡቡ የለውም። ራሱ ላባ የለበሰ፣ አነስ ያለና ጠቆር ብሎ የሚያብለጨልጭ ከሆነ ደግሞ ከአንጸባራቂ አይቢሶች ወገን ነው።

ከባዱ ክፍል፦ መንታ የሚመስሉት

እዚህ ላይ ጊዜ ውሰዱ። የአፍሪካው ቅዱስ አይቢስ ሲበር የክንፉ የኋላ ጠርዝ በጥቁር የተከፈፈ ነው፤ ዓይኑም ጠቆር ያለ ነው። የማዳጋስካሩ ዘመዱ ዓይኑ ነጣ ያለ ሲሆን ክንፉ ላይ ያለው ጥቁርም ያንሳል። አንጸባራቂው አይቢስና ነጭ ፊቱ አይቢስም በዓይን ይለያያሉ፤ የአንጸባራቂው ጥቁር ቡናማ፣ የነጭ ፊቱ ቀይ ነው። ይህ የሚሠራው ግን ወፎቹ ካደጉ በኋላ ነው።

ቦታ ይረዳል፣ ግን አይፈርድም። ቅዱስ አይቢስ ከመካነ እንስሳት አምልጦ ፈረንሳይና ጣሊያን ውስጥ ተራብቷል። ድምፅ አንዳንዴ ከዓይን ይበልጣል። ሃዳዳ አይቢስ ስሙን ያገኘው ከጩኸቱ ነው፤ አንዴ የሰማው ሰው አይረሳውም።

አሁን ጻፉ

ሁልጊዜ አንድ ቅደም ተከተል ያዙ፦ መጠን፣ ምንቃር፣ ፊት፣ አንገት፣ ገላ፣ ክንፍ፣ እግር፣ ድምፅ። «ትልቅ ወፍ» አትበሉ፤ ከምን እንደሚበልጥ ተናገሩ። «ምንቃሩ ረጅም ነው» ከማለትም ከጭንቅላቱ ርዝመት ጋር አነጻጽሩት። ወንዱ ብዙ ጊዜ ገዘፍ ይላል፣ ምንቃሩም ይረዝማል፤ ስለዚህ በአንድ ወፍ ልኬት ስለ ዝርያው አትደምድሙ። ብርሃኑንም መዝግቡ፤ የሚያንጸባርቅ ላባ በደመና ሰዓት ጥቁር ብቻ ሆኖ ይታያል።

ለምሳሌ በኢትዮጵያና በኤርትራ ብቻ የሚገኘውን አይቢስ እንዲህ ልትገልጹት ትችላላችሁ፦ «ጠቆር ያለ አይቢስ። ከጉሮሮው ሥር ቀጭን ቆዳ ተንጠልጥሏል። ሲበር ክንፉ ላይ ሰፊ ነጭ ቦታ ይታያል።» ሦስት አጫጭር ዓረፍተ ነገሮች፣ ግን ከሌላ ጋር አይምታታም።

ቀዩና ነጩ የአሜሪካ አይቢሶች በሚገናኙበት አካባቢ ይዳቀላሉ። አንድ ዝርያ ናቸው ብለው የሚከራከሩ ባለሙያዎችም አሉ። እንዲህ ያለ ወፍ ከገጠማችሁ የግድ ስም አትስጡት። ወገኑን ጻፉ፣ ያያችሁትን ዘርዝሩ፣ የዝርያውን ቦታ ባዶ ተዉት።